የጀልባ ወለል ሙሌት ሲቀየር፦ የትኛውን ሙሌት፣ በምን መሣሪያ?

የፋይበርግላስ ጀልባ ወለል ሲረገጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ወይም በመዶሻ እጀታ ሲያንኳኩት ጥርት ያለ ድምፅ መስጠቱን ትቶ የታፈነ ድምፅ ካሰማ፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ የሚታየው ፋይበርግላስ አይደለም። በላይኛውና በታችኛው የፋይበርግላስ ቆዳ መካከል የተጣበቀው ቀላል ሙሌት ውሃ ጠጥቶ በስብሷል። ጀልባ ሠሪዎች ይህን ሙሌት ኮር ይሉታል። የላይኛው ቆዳ ተቆርጦ ይነሣል፣ የበሰበሰው በመሮ ተፍቆ ይወጣል፣ የታችኛው ቆዳ ደርቆ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከራል። ከዚያ በኋላ ባዶው ቦታ ምን ይግባበት፣ የሚገባውስ በምን ይቆረጥ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ይህን ጥያቄ ብቻ ነው።

አብዛኛው ሰው ሙሌቱን በዋጋና በክብደት ይመርጥና መቁረጫውን ኋላ ይፈልጋል። እኔ አጥብቄ የምመክረው ሁለቱን አብሮ መወሰንን ነው። ባለዎት መሣሪያ ጠርዙን ቀጥ አድርገው ሊቆርጡት የሚችሉት ሙሌት፣ በወረቀት ላይ ከሁሉ የተሻለ ከተባለውና በእጅዎ ከሚፈረካከሰው ይበልጣል። ውሃ ወደ ወለሉ ውስጥ የሚዘልቀው በብሎን ቀዳዳ ነው፤ ከገባ በኋላ የሚጓዘው ግን በደንብ ባልተሞሉ ክፍተቶች ውስጥ ነው። ክፍተቶቹን የሚፈጥረው ደግሞ አቆራረጣችን ነው።

በዋሽንግተን ዲሲና በሜሪላንድ የሚኖር ወገናችን ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ አናፖሊስ፣ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር ይደረሳል። በዚያ አካባቢ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተሠሩ ብዙ ጀልባዎች ወለላቸው በመለስለሱ ብቻ በርካሽ ይሸጣሉ። ቀፎው (ውሃው ላይ የሚቀመጠው የጀልባው አካል) ጤነኛ ከሆነ ወለሉን ራስ ማደስ የሚቻል ሥራ ነው፤ ትዕግሥት እንጂ ልዩ ፋብሪካ አይጠይቅም።

ሙሌቱ የሚሠራውን ሥራ ካልተረዱ ምርጫው ግምት ይሆናል። አንድ የፋይበርግላስ ሰሌዳ ለሁለት ተሰንጥቆ በመካከሉ የራሱን ያህል ውፍረት ያለው ቀላል ሙሌት ቢገባበት፣ ክብደቱ ብዙም ሳይጨምር ግትርነቱ ወደ ሰባት እጥፍ ያድጋል። ይህ የሚሆነው ግን ሁለቱም ቆዳዎች ሙሌቱን ሙሉ በሙሉ ይዘው ሲጣበቁ ነው። አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ሳይጣበቅ ከቀረ ያ ቦታ እንደ ቀድሞው መለስለሱ አይቀርም። ስለዚህ አየር የማይታፈንበት፣ ጠርዙ ከጠርዝ ጋር የሚገጥም ቁራጭ ማውጣት የውበት ጉዳይ አይደለም።

ባልሳ

በአሮጌ ጀልባዎች ወለል ውስጥ በብዛት የሚገኘው ባልሳ ነው። በአብዛኛው ከኢኳዶር የሚመጣ፣ በአንድ ሜትር ኩብ 150 ኪሎ አካባቢ የሚመዝን እጅግ ቀላል እንጨት ነው። ለጀልባ ሲዘጋጅ ግንዱ በአግድም እየተቆረጠ ትናንሽ ጉርዶች ይሆንና ቃጫው ቆሞ እንደ ታሰረ የስንዴ ነዶ ወደ ላይ ተደርድሮ ይጣበቃል። ቆሞ መደርደሩ ሁለት ጥቅም አለው። ከላይ የሚመጣን ጫና በብርታት ይሸከማል፤ በዚህ ረገድ ተመሳሳይ ዋጋ ያላቸውን ፎሞች በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ውሃም በቃጫው ርዝመት ፈጥኖ ወደ ጎን ግን ቀስ ብሎ ስለሚሄድ፣ አንድ ቦታ ቢገባ ወደ ጎን መስፋፋቱ ይዘገያል።

ታዲያ በእነዚያ አሮጌ ጀልባዎች ባልሳው ከዳር እስከ ዳር የሚበሰብሰው ለምንድን ነው? ጉርዶቹ በጨርቅ መረብ ላይ ተጣብቀው፣ በመካከላቸው እየተሰነጠቁ ስለሚሸጡና ፋብሪካው ሲያነጥፋቸው ስንጥቆቹን በሬዚን (ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ) ሳይሞላ ስላለፈ ነው። ውሃው እንጨቱን ሰንጥቆ አልሄደም፤ በተዘጋጀለት ቦይ ሄደ። እርስዎ ባልሳ ከመረጡ ይህን ስህተት የማረም ዕድል አለዎት።

ለመቁረጥ ባልሳ ከሚመስለው በላይ አስቸጋሪ ነው። ለስላሳ በመሆኑ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣው ከተር ነው። ቃጫው ቆሞ ስለሆነ ግን ምላጩ እየቆረጠ ሳይሆን ቃጫን ከቃጫ እየለየ ነው የሚያልፈው። በዚያ ላይ በአንድ ሰሌዳ ውስጥ ያሉት ጉርዶች ከተለያዩ ዛፎች የመጡ ናቸው፤ አንዱ እንደ ቅቤ ይገባል፣ ቀጥሎ ያለው ይጠነክራል፣ በመካከላቸው የሙጫ መስመር አለ። ምላጩ መስመሩ ላይ ደርሶ ይቆማል፤ እጅ ሲጫን ከማስመሪያው ወጥቶ በቃጫው ሽንቁር ይንሸራተታል፣ የጉርዱም ጥግ ተሸርፎ ይወድቃል። ስድስት ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን በአዲስ ምላጭ፣ ደጋግሞ በቀላል እጅ በመሄድ ማውጣት ይቻላል። ከዚያ ለወፈረው ጥርሱ ደቃቅ የሆነ የእጅ መጋዝ ይያዙ፤ በተለይ ወደ ራስ ሲሳብ የሚቆርጠው የጃፓን መጋዝ ምላጩ ቀጭን ስለሆነ ጠርዙን ሳይነጭ ያልፋል።

የላይና የታቹ ፊት፣ ማለትም የቃጫው አፍ ያለበት፣ ሬዚን በጣም ይጠጣል። ሳይቀባ ከተነጠፈ ማጣበቂያውን መጥጦ መገጣጠሚያውን ደረቅ ያስቀረዋል። ስለዚህ ከቆረጡ በኋላ ያልወፈረ ኢፖክሲ (ከሁለት ፈሳሾች የሚበጠበጥ ሬዚን) ሁሉንም ፊት፣ የተቆረጠውን ጠርዝ ጨምሮ፣ ይቀቡት፤ ከዚያ ነው ለማጣበቂያ የሚሆነው የወፈረ ኢፖክሲ የሚከተለው። የቼሳፒክ በጋ እርጥበቱ ብዙ ነው፤ ባልሳውን እስኪቆረጥ ድረስ ከላስቲኩ አያውጡት፣ ጋራዥ ወለል ላይም አያሳድሩት።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ባልሳ የነፋስ ኃይል ተርባይን ክንፍ ለመሥራትም ስለሚፈለግ ገበያው ይዋዥቃል። በ2020 አካባቢ ከቻይና የመጣው ፍላጎት ዋጋውን ሰቅሎት ነበር። የቆየ ዋጋ ይዘው በጀት አያውጡ።

የፒቪሲ ፎም

ዲቪኒሴል የሚባለው የስዊድኑ ዲያብ ኩባንያ ፎም፣ ኤይሬክስ፣ እንዲሁም ስታይሪን አክሪሎናይትሪል ከሚባል ፕላስቲክ የሚሠራው ኮርሴል በዚህ ወገን የሚመደቡ ናቸው። በስማቸው አጠገብ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ክብደትን ያመለክታል፤ ዲቪኒሴል ኤች 80 በአንድ ሜትር ኩብ 80 ኪሎ ይመዝናል። ቀዳዳዎቹ የተዘጉ ስለሆኑ ውሃ አይጠጣም፣ አይበሰብስም። በሌላ በኩል ከባልሳ ይለሰልሳል፤ ብሎን አጥብቀው ቢያስሩበት ይጨፈለቃል። ጥቁር ወይም ደማቅ ሰማያዊ ቀለም በተቀባ ወለል ሥር፣ ፀሐይ ሲበረታ መለስለሱንም ያስታውሱ። ነጭ ወለል ላይ ይህ አያሳስብም።

ለጀማሪ ይህን የማስቀድመው በአቆራረጡ ምክንያት ነው። ቃጫ የለውም፤ ምላጩን ወደ ራሱ አቅጣጫ የሚጎትት ነገር ስለሌለ ማስመሪያውን ተከትሎ ይሄዳል። 12 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው፣ ረጅም ምላጭ የሚያወጣ ከተርና የብረት ማስመሪያ ይበቃሉ። የመጀመሪያው ጭረት መንገድ ማውጫ ነው፣ መጫን አያስፈልግም። ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ እየጠለቁ ይሂዱ፤ ሁለት ሦስተኛው ከተቆረጠ በኋላ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ቢያጥፉት ቀጥ ብሎ ይሰበራል። ምላጩ መደነዙን የሚያውቁት በድምፁ ነው፤ ሲያልፍ የነበረው ለስላሳ ፉጨት ወደ መፋቅ ይለወጣል፣ ከጠርዙም ደቃቅ ፍርፋሪ መውጣት ይጀምራል። የዚያን ጊዜ ጫፉን ሰብረው አዲስ ያውጡ፤ ምላጭ ርካሽ ነው።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አይሞከር። ነጩን የማሸጊያ ፎም የሚቆርጡበት የጋለ ሽቦ ለፒቪሲ አይሆንም። ፒቪሲ ሲቃጠል ሳንባን የሚጎዳ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ያወጣል። ፖሊዩሬቴን ፎምም ሲቃጠል መርዛማ ጭስ አለው። ነጩ ፖሊስቲሪን በበኩሉ በጋለ ሽቦ ቢቆረጥም ለዚህ ሥራ አይመከርም፦ በፖሊስተርና በቪኒልኤስተር ሬዚን ውስጥ ያለው ስታይሪን ያሟሟዋል። ኢፖክሲ ባያሟሟውም ለሚረገጥ ወለል ጥንካሬው አይበቃም።

ሳይሰነጠቅ ሙሉ ሰሌዳ ሆኖ የተገዛ ፎም ሲነጠፍ ሥሩ አየር ያፍናል። ከቆረጡ በኋላ በቀጭን መሰርሰሪያ፣ ወደ አምስት ሴንቲሜትር እየተራራቁ ቀዳዳ ያውጡበት። ሲጫን በየቀዳዳው ማጣበቂያ ብቅ ሲል ካዩ አየሩ ወጥቷል፤ ካላዩ ያንን ሰሌዳ አንሥተው ማጣበቂያ ይጨምሩ።

ኮምፔንሳቶና የኩሳ ሰሌዳ

ኮምፔንሳቶ በቀላሉ ይገኛል፣ ጥሩ መጋዝ ላለው ሰው አቆራረጡም የታወቀ ነው፣ ብሎንም ይችላል። ለጀልባ የሚሆነው ቢኤስ 1088 የሚለውን የብሪታንያ ደረጃ ያሟላው ነው። ችግሩ ክብደቱና ቃጫው ነው። ቃጫው ተኝቶ ስለሚሄድ ከአንዲት የብሎን ቀዳዳ የገባ ውሃ ርቆ ይጓዛል። ኮምፔንሳቶ ለወለል ከተመረጠ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ጎን ባላቸው ካሬዎች ቆራርጦ፣ በመካከላቸው ክፍተት ትቶ፣ ክፍተቱን በኢፖክሲ ስቱኮ (እንደ ሊጥ በወፈረ ኢፖክሲ) መሙላት ነው መፍትሔው። እያንዳንዱ ካሬ በስቱኮ ግድግዳ ስለሚታጠር ውሃው ከአንዱ ወደ ሌላው አይሻገርም፤ ወለሉም ጎበጥ ያለ ከሆነ ካሬዎቹ ተከትለውት ይተኛሉ።

የክብደቱን ልዩነት በቁጥር ማየት ይረዳል። 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር ኤች 80 ፎም አንድ ኪሎ አይሞላም። ባልሳው 1.8 ኪሎ ይሆናል። በአንድ ሜትር ኩብ 550 ኪሎ የሚመዝን ኮምፔንሳቶ ግን 6.6 ኪሎ ይደርሳል። አራት ካሬ ሜትር ወለል ቢቀየር ኮምፔንሳቶ ከፎም ያለው ልዩነት ከ20 ኪሎ ያልፋል፤ ያ ክብደት የሚቀመጠውም ከውሃው በላይ፣ ጀልባን በሚያወላውልበት ከፍታ ነው። ለሞተር ጀልባ ብዙም ላያሳስብ ይችላል፤ በሸራ ለሚሄድ ትንሽ ጀልባ ግን ያሳስባል።

ኩሳ በአላባማ የሚሠራ፣ በመስታወት ቃጫ የተጠናከረ የፖሊዩሬቴን ፎም ሰሌዳ ነው። ብሉዋተር 26 የሚባለው በኩብ ጫማ 26 ፓውንድ፣ ማለትም በሜትር ኩብ ወደ 416 ኪሎ ይመዝናል። ከኮምፔንሳቶ ይቀላል፣ እንጨት የለበትም፣ አይበሰብስም፤ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ውስጡ ያለው መስታወት ተራውን የብረት ጥርስ ቶሎ ስለሚያደነዝዝ ጥርሱ ከካርባይድ (ከተራ ብረት እጅግ ከሚጠነክር ቁስ) የሆነ ምላጭ ያስፈልገዋል። በከተር አይታሰብም። ብናኙ ቆዳን ያሳክካል፤ ረጅም እጅጌ፣ ጓንት፣ መነጽርና የብናኝ ጭንብል ሳይለብሱ አይንኩት። ሙሉ ወለል በኩሳ መሙላት ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል። ቦታው ሞተር የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳና ገመድ የሚታሰርባቸው ብረቶች ሥር ነው።

የማር እንጀራ ቅርጽ ያለው የፖሊፕሮፒሊን ሙሌትም በገበያ አለ። ቀላል ነው፣ በከተርና በደቃቅ መጋዝ ይቆረጣል፤ ነገር ግን በተቆረጠበት ሁሉ ክፍት ጉድጓዶች ይቀራሉ። ጠርዙን መድፈን ለተለማመደ ሰው እንኳ አድካሚ ስለሆነ፣ ብዙ ቁራጭ ለሚጠይቅ ጥገና አልመርጠውም።

መሣሪያዎቹን ጎን ለጎን

ከተር ጸጥ ያለ፣ ብናኝ የማያወጣ፣ ለፎም ከሁሉ የተሻለ ነው። ደቃቅ ጥርስ ያለው የእጅ መጋዝ ለባልሳም ለፎምም ይሆናል፤ ሁለቱን ብቻ ይዞ አንድን የጎን ወለል መጨረስ ይቻላል።

ጂግሶ፣ ማለትም ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ የኤሌክትሪክ መጋዝ፣ ብዙ ሰው ቤት አለ፤ ለኩርባም ምቹ ነው። ጉድለቱ ምላጩ ከላይ ብቻ የተያዘ መሆኑ ነው። ወፍራም ሙሌት ውስጥ ሲዞር የታችኛው ጫፉ ወደ ጎን ይታጠፋል፤ ከላይ መስመሩን የጠበቀ ሲመስል ከሥር ጠርዙ ያዘነብላል። ቆርጠው ሲጨርሱ ስኳድራ ያስጠጉበትና ይዩ። ከ12 ሚሊሜትር በላይ ለሆነ ሙሌት በዝግታ መሄድ፣ አልያም ከመስመሩ ትንሽ አርቆ ቆርጦ ጠርዙን በእንጨት ላይ በተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ይሻላል።

የጠረጴዛ መጋዝ ቀጥ ያሉ ረጃጅም ቁራጮችን በአንድ ወርድ ለማውጣት ወደር የለውም፣ ኮምፔንሳቶና ኩሳን ለካሬ ለመቁረጥም እንዲሁ። ሆኖም መረብ ላይ የተጣበቁ ትናንሽ ጉርዶችን በእሱ ላይ አይቁረጡ፤ መረቡ ምላጩ ላይ ይጠመጠማል፣ የተነቀለ ጉርድም ተወርውሮ ፊት ሊመታ ይችላል። ፎም በጣም ቀላል ስለሆነ መጋዙ ሊያነሣው ይሞክራል፤ በእጅ ሳይሆን በመግፊያ እንጨት ይግፉት። የፎሙ ብናኝ በስታቲክ ኤሌክትሪክ ልብስና ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከማጣበቅ በፊት ቁራጮቹን በአቧራ መጥረጊያ ማሽን መጥረግ የግድ ነው።

ባንድሶ፣ ማለትም ምላጩ እንደ ቀበቶ የሚዞር የኤሌክትሪክ መጋዝ፣ ማግኘት ከቻሉ ለኩርባና ለወፍራም ሙሌት ከሁሉም ይበልጣል፤ ምላጩ ከላይም ከታችም ስለተያዘ ጠርዙ ቀጥ ይላል። ለአንድ ጥገና ብሎ መግዛት ግን አስፈላጊ አይደለም።

የየትኛውም ብናኝ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። የእንጨት ብናኝ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበ ነው፤ ባልሳም እንጨት ነው።

የተሰነጠቀ ወይስ ሙሉ ሰሌዳ?

ባልሳም ፎምም በሁለት መልክ ይሸጣሉ፦ ሙሉ ሰሌዳ፣ ወይም በትናንሽ ጉርዶች ተሰንጥቆ በመረብ የተያዘ። ወለሉ ጠፍጣፋ ወይም በጥቂቱ የጎበጠ ከሆነ ሙሉውን ይግዙ። ስንጥቁ ያነሰበት ውሃ የሚሄድበት ቦይ ያነሰበት ነው። በደንብ ለጎበጠ ቦታ ብቻ የተሰነጠቀውን ይጠቀሙ። ያኔ የመረቡን አቅጣጫ ማወቅ ያስፈልጋል፦ መረቡ በጉብታው ውስጠኛ በኩል መሆን አለበት። ወደ ላይ የጎበጠ ወለል ከላይ ሲታደስ መረቡ ወደ ታች ይሆናል፤ ስንጥቆቹ ወደ ላይ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ እርስዎም በዓይንዎ እያዩ በስቱኮ ይሞሏቸዋል። ተገልብጦ ከተነጠፈ ጉርዶቹ እርስ በርስ ተጋፍተው አይታጠፉም።

ስንጥቅ መሙላት ክብደት እንደሚጨምርም ይወቁ። አንድ ሊትር ኤች 80 ፎም 80 ግራም ሲመዝን አንድ ሊትር ኢፖክሲ ከአንድ ኪሎ ይበልጣል። ክብደቱን ሸሽቶ ስንጥቁን ባዶ መተው ግን ከላይ ያየነውን ብስባሽ መጋበዝ ነው።

ለየቦታው የምመርጠው

የእጅ መሣሪያ ብቻ ላለው፣ ጠፍጣፋ የጎን ወለል ለሚያድስ ሰው ኤች 80 ወይም ተመጣጣኙን ሙሉ ሰሌዳ ፎም እመርጥለታለሁ። የወለሉ ጥቂት ክፍል ብቻ ተበላሽቶ ዙሪያው ጤነኛ ባልሳ ከሆነ ግን፣ የመጋዝ እጅ ካለዎት፣ ባልሳን በባልሳ መተካት የወለሉን ግትርነት አንድ ዓይነት ያደርገዋል። የላይኛውን ንድፍ ላለማበላሸት ከውስጥ፣ ማለትም ከወለሉ ሥር ካለው ክፍል ጣሪያ በኩል የሚሠራ ከሆነ ፎም ብቻ ነው የሚያስኬደው፤ ትንንሽ ቀላል ቁራጮች ማጣበቂያው እስኪይዝ በእንጨት ምርኩዝ ተደግፈው ይቆያሉ፣ ከባድ ቁራጭ ግን ይወድቃል።

ገመድ ማሰሪያ፣ የዳር መደገፊያ ብረት እግርና ዊንች (ገመድ መሳቢያ) የሚታሰሩበት ቦታ ሥር ቀላል ፎም አይግባ። በቦታው ኩሳ ወይም በሜትር ኩብ 200 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ፎም ይቁረጡ፤ የብሎኑን ቀዳዳም አስፍተው ከሰረሰሩ በኋላ በስቱኮ ሞልተው እንደገና በልኩ ይሰርስሩት። ለሞተር ጀልባ የኋላ ግድግዳ፣ ውፍረቱ በብዙ ጀልባዎች 38 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ሁለት 19 ሚሊሜትር ሰሌዳዎችን ለየብቻ ቆርጦ ውስጥ ማጣበቅ ይቀላል። አንዱን ወፍራም ሰሌዳ በጂግሶ ቆርጦ ጠርዙን ቀጥ ማድረግ ከባድ ነው፤ በጠባቡ መክፈቻ ማስገባቱም እንዲሁ።

ከመቁረጥ በፊት ውፍረቱን ከደረቀው አሮጌ ሙሌት ላይ ይለኩ። በአሜሪካ የሚሸጠው በኢንች ነው፤ ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊሜትር እንጂ 12 አይደለም። ትንሽ ቢያንስ ስቱኮው ይሞላዋል፤ ቢበልጥ ግን የላይኛው ቆዳ ተመልሶ ከዙሪያው ጋር አይስተካከልም።

ሙሌቱን በሜትር እየለኩ በቀጥታ ከመቁረጥ ይልቅ በወፍራም ወረቀት ቅድ ያውጡ። ወረቀቱን በክፍት ቦታው ላይ ዘርግተው ጠርዙን በጣት ይጫኑ፣ ይቅደዱ፣ የጀልባውን የፊት አቅጣጫ በቀስት ምልክት ያድርጉበት። ወደ ሙሌቱ ሲገለብጡት በየጠርዙ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ቀንሰው ይቁረጡ፤ ያ ክፍተት የስቱኮው ቦታ ነው። ሙሌቱ፣ ውስጡ ሙሌት የሌለበት ጥቅጥቅ ያለ ፋይበርግላስ ጋ ደርሶ የሚያልቅበት ጠርዝ ካለ፣ በውፍረቱ ሦስት እጥፍ ርዝመት እያነሰ እንዲሄድ አዘንብለው ይጥረቡት፤ አለዚያ የላይኛው ቆዳ በስለታሙ ደረጃ ላይ ይሰነጠቃል።

ሬዚን ከመበጥበጡ በፊት ቁራጮቹን ሁሉ በደረቅ ቦታቸው አስገጥመው ቁጥር ይጻፉባቸው፤ በአጠገባቸው ባለው የታችኛው ቆዳ ላይም ያንኑ ቁጥር ይጻፉ። በሞቃት ቀን ኢፖክሲ ባልዲ ውስጥ ቶሎ ስለሚጠነክር፣ አንዴ ከተበጠበጠ በኋላ ከተር ለማንሣት ጊዜ አይኖርም።